ባሕር በገረሴ ደጋ

ከአርባ ምንጭ ሴቻ ሰፈር ጫፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚያይ ሰው፣ ሁለቱ ሐይቆች ከአንድ ሰማይ በወረደ ዝናብ የሞሉ አይመስሉም። በሰሜን በኩል ያለው ዓባያ ደለል ተሸክሞ ወተት የበዛበት ቡና መስሎ ይተኛል። በደቡብ ያለው ጫሞ ግን ጠራ ብሎ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። በመካከላቸው ያለውን መሬት የአገሩ ሰው «የእግዜር ድልድይ» ይለዋል። ቤተሰብ ይዞ የመጣ ሰው እዚህ ፎቶ ይነሣል፣ በጀልባ ወርዶ የጫሞን አዞ ያያል፣ ቆሮሶ ጥብስ በዳጣ ይበላል፣ ይመለሳል። ገረሴን በጉዞ ዕቅዱ ውስጥ የሚያስገባ ቤተሰብ ብዙም አላጋጠመኝም።

ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ሐይቆቹን ለመረዳት ወደ ላይ መውጣት ያስፈልጋል። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1285 ሜትር ላይ ናት። መኪናው የሙዝና የማንጎውን ቆላ ትቶ ወደ ጋሞ ደጋ መውጣት ሲጀምር፣ በአንድ ጉዞ ውስጥ ሁለት አገር ያያሉ። የመስኮቱ አየር ይቀዘቅዛል፣ ሙዙ በእንሰት ይተካል፣ በቆሎው በገብስ። መንገዱ ወደ ካምባ ከማለፉ በፊት የምትገኘው ገረሴ ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ማለዳ ላይ ሲቀላ ገበያ በሸሚዝ የነበረ ሰው ከሰዓት በኋላ ገረሴ ላይ ጋቢ ይፈልጋል።

ያረፍነው ጡረታ የወጡ መምህር ቤት ነበር። ሳሎናቸው ውስጥ፣ ቴሌቪዥን ሊቀመጥበት በሚገባው ቦታ፣ መቶ ሊትር የሚይዝ ባዶ የመስታወት ሣጥን ተቀምጧል። አዲስ አበባ ያሉት የልጅ ልጆቻቸው ክረምቱን ሊያሳልፉ ይመጣሉ። ትንሿ በስልክ ያዘዘቻቸው ደግሞ «ብርቱካናማውንና ነጩን ዓሣ» ነው።

«ጫሞ ይጠፋል ብለሽ ነው?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እሱ የባሕር ዓሣ ነው፤ ጨው ይፈልጋል።»

ባለቤታቸው ከወጥ ቤት ሆነው፣ «ጨው ከሆነ ሞልቷል» አሉ።

የልጅቷ ዓሣ በ2003 እ.ኤ.አ. በወጣው የካርቱን ፊልም ኒሞ ተብሎ የሚታወቀው ክላውን ዓሣ ነው። የሕንድና የምዕራብ ፓስፊክ ውቅያኖሶች ተወላጅ ሲሆን፣ ሁለት ነጭ ቀበቶ ያለው ዘመዱ በቀይ ባሕር ይኖራል። ምጽዋና አሰብ የሠሩ ወይም የኖሩ አያቶች ይህን ዘመዱን ወይም መሰሎቹን በጠራ ውሃ ውስጥ አይተው ይሆናል። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ግን ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም። ስለዚህ እዚህ አገር ቤቱ ውስጥ የባሕር ዓሣ ማኖር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ባሕሩን ራሱ መሥራት አለበት።

የእትዬ አስተያየት ቀላል ቢመስልም የነገሩ ቁልፍ እሱ ነው። የወጥ ቤት ጨው አይሆንም። በባሕር ውሃ ውስጥ ከተሟሟው ነገር 85 በመቶ ያህሉ ሶዲየምና ክሎራይድ፣ ማለትም የምንበላው ጨው ነው። ቀሪው ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም፣ ሰልፌትና ሌላም ነው፤ የባሕር ዓሣ ያለዚህ ቀሪ አይኖርም። ስለዚህ ለዚሁ ሥራ ተቀምሞ የሚሸጥ የባሕር ጨው ያስፈልጋል። መጠኑ በአንድ ሊትር ውሃ 35 ግራም ገደማ ነው፤ ለመቶ ሊትር ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል። ሃይድሮሜትር የሚባለው መለኪያ ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ 1.025 አካባቢ ማንበብ አለበት። ጨው የሚጨመረው ዓሣው ባለበት ሣጥን ውስጥ አይደለም። በንጹሕ የፕላስቲክ በርሜል ተበጥብጦ፣ ፓምፕ እያማሰለው አንድ ቀን ካደረ በኋላ ነው የሚገለበጠው።

እዚህ ላይ ስለ ጨዋማ ውሃ ዓሣ የአገራችንን ጉድ ሳልናገር አላልፍም። ገበታችን ላይ ያለው ጨው ብዙው የሚመጣው ከአፋሩ አፍዴራ ሐይቅ ነው። አፍዴራ ከባሕር ጠለል በታች ያለ፣ ከባሕር ውሃም በብዙ እጥፍ ጨዋማ የሆነ ሐይቅ ሲሆን፣ በዳርቻው ፍል ውሃ በሚገባበት አካባቢ ትንንሽ ዓሦች ይኖራሉ። ከእነሱ አንዱ፣ የቆሮሶ ዘመድ የሆነው፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኝም። ሳይንስ በጣሊያናዊው ተጓዥ በፍራንኬቲ ስም ይጠራዋል። ባሕር የለንም እያልን የምንቆጭ ሰዎች፣ ከባሕር በጨዋማ ሐይቅ ዳር የሚኖር የራሳችን ዓሣ እንዳለን ስንቶቻችን ለልጆቻችን ነግረናል?

ወደ መምህሩ ሳሎን ልመለስ። ጨው ከተገኘ ቀጥሎ ውሃው አለ፤ ገረሴ ላይ ሰው የሚኮራበት ነገር። ነገር ግን ለሰው የጣፈጠ ውሃ ሁሉ ለባሕር ዓሣ አይሆንም። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለበት ክሎሪኑ መውጣት አለበት። ሰፋ ባለ ዕቃ ተቀድቶ አየር እየተነፋበት ቢያንስ አንድ ቀን ሲቆይ ይወጣል። የምንጭ ውሃ የራሱን ማዕድን ይዞ ይመጣል። የዝናብ ውሃ ከሁሉም የነጻ ይመስላል፣ ግን በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወርዶ ከሆነ የቆርቆሮውን ዚንክ ይዞ ስለሚወርድ መርዝ ነው። በላስቲክ ሸራ የተጠለለ የዝናብ ውሃ ወይም በጥሩ ማጣሪያ ማዕድኑ የወጣለት ውሃ ይሻላል። የጫሞን ውሃ አምጥቶ ጨው መጨመርም መፍትሔ አይደለም፤ በውስጡ ያለው ማዕድን ከባሕሩ የተለየ ነውና።

ከዚያ የደጋው ነገር ይመጣል። ክላውን ዓሣ 25 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ውሃ ይፈልጋል። አርባ ምንጭ ላይ ችግሩ ሙቀት ሊሆን ይችላል፤ ገረሴ ላይ ግን ሌሊቱ ነው። ስለዚህ ማሞቂያ ሌት ተቀን መሥራት አለበት። የማይታየው ችግር ደግሞ አየሩ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ፣ ውሃው በእኩል ሙቀት የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጨዋማ ውሃ ቀድሞውንም ከጣፋጭ ውሃ ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው። እንግዲህ ፓምፑ የውሃውን ፊት ዘወትር ማናወጥ አለበት፣ የዓሣውም ቁጥር መቀነስ አለበት። ጠረፍ ላይ በተጻፈ መመሪያ «ለመቶ ሊትር አራት ዓሣ» የሚል ካገኙ፣ እኔ ገረሴ ላይ ሁለት እላለሁ።

መብራት ሲጠፋስ? ይህን መምህሩ ከእኔ ቀድመው ነው ያሰቡት። ሙቀቱን ለመያዝ ጋሞ የሚያውቀው መድኃኒት አለ፤ ቡሉኮ። የመስታወቱን አራት ጎን በቡሉኮ መጠቅለል፣ ላዩን ግን ክፍት መተው። አየሩን በተመለከተ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ መግዛት ነው። እሱ ከሌለ በየግማሽ ሰዓቱ ውሃውን በንጹሕ ጣሳ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ማፍሰስ። ለጥቂት ሰዓት ያዋጣል። ሌሊቱን ሙሉ ግን ማን ይቀዳል? መብራት በሳምንት ሁለት ሦስት ሌሊት በሚጠፋበት ቤት፣ ባትሪ ሳይኖር የባሕር ዓሣ ማኖር ለዓሣው ግፍ ነው የሚመስለኝ።

አቀማመጡን ቸል አይበሉ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ድንጋዩና መስታወቱ ሲጨመርበት መቶ ሊትሩ ሣጥን ከአንድ ኩንታል ተኩል ያላነሰ ይመዝናል። በአፈር ወለል ላይ የቆመ ጠረጴዛ አንድ እግሩ ከሰመጠ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው፣ ሕፃን የማይንጠላጠልበት ቦታ ይምረጡ። የኤሌክትሪክ ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ መልሶ ወደ ላይ ይውጣ፤ ያን ጊዜ ገመዱን ተከትሎ የሚወርድ ጨዋማ ውሃ ሶኬቱ ጋ ሳይደርስ መሬት ይንጠባጠባል።

ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ነው ከባዱ የሚመጣው፤ መጠበቅ። ዓሣ የሚያወጣው ቆሻሻ አሞንያ ይሆናል፣ አሞንያ ደግሞ ይገድለዋል። በድንጋዩና በአሸዋው ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞንያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ለጋሞ እናት ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። ቆጮ ጉድጓድ ገብቶ ሳይብላላ ማን ይጋግረዋል? ከቆየ አኳሪየም የተወሰደ እርጥብ ድንጋይ የተገኘ እንደሆነ፣ እሱ እንደ እንጀራ እርሾ ሆኖ ጊዜውን ያሳጥረዋል። ናይትራይትና አሞንያ ዜሮ መሆናቸውን በጠብታ መመርመሪያ ሳያዩ አንድም ዓሣ አይገባም።

እኔ ለወላጆች የምመክረው ይህን ወር እንደ ፈተና እንዲቆጥሩት ነው። ሣጥኑ ውስጥ ውሃ፣ ጨው፣ ድንጋይና አሸዋ ብቻ ይኑር። ባክቴሪያው የሚበላው እንዲያገኝ በሁለት ቀን አንዴ ትንሽ የዓሣ ምግብ ይጣል። ልጁ በየቀኑ ሙቀቱን አንብቦ ይጻፍ፣ በሳምንት አንድ ቀን ጨውን ይለካ። በሁለተኛው ሳምንት ደብተሩ ባዶ መሆን ከጀመረ፣ አያት ብቻቸውን የሚለኩ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ሣጥኑን አድርቆ ማስቀመጥ ይቻላል። የሞተ ዓሣ የለም፣ የተጣለ ገንዘብም ብዙ አይደለም። ዓሣ ከገባ በኋላ ግን «ሰለቸኝ» የሚባል ነገር የለም። በደንብ የተያዘ ክላውን ዓሣ ከአሥር ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል፤ የዛሬዋ የሰባት ዓመት ልጅ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ዓሣው እዚያው ሳሎን ነው።

በዚህ ባዶ ወር ውስጥ ለልጅ የሚታይ አንድ ትልቅ ነገር አለ። መስታወቱ ላይ የውሃው ልክ በፕላስተር ምልክት ይደረግ። በጥቂት ቀን ውስጥ ውሃው ከምልክቱ ዝቅ ይላል። ሃይድሮሜትሩ ደግሞ በተቃራኒው ከፍ ይላል። ውሃው ተንኖ ሄደ፣ ጨው ግን ቀረ። ስለዚህ የጎደለው የሚሞላው በጨዋማ ውሃ ሳይሆን በንጹሕ ውሃ ነው። ይህን ሕግ የሳተ ሰው ሣጥኑን ሳምንት በሳምንት ወደ አፍዴራ እያስጠጋው ይሄዳል።

ከዚያ ልጁን ወደ ደጅ ይውሰዱትና ደጋውን ያሳዩት። ገረሴ አካባቢ ያለው ደጋ ውሃ የሚከፍል ጀርባ ነው። በምሥራቁ በኩል ከጋሞ ደጋ የሚወርዱት ኩልፎ፣ ሲሌና ኤልጎ ጫሞ ይገባሉ። ጫሞ ሞልቶ በፈሰሰበት ዘመን ትርፉ ወደ ሰገን ወንዝ ይሄዳል፤ የሰገን መጨረሻ ደግሞ ጨው ባሕር ነው። አውሮፓውያኑ ቴሌኪና ፎን ሆነል በ1888 እ.ኤ.አ. ደርሰውበት ለልዕልታቸው ለስቴፋኒ ሰየሙት፤ የእኛ ሰው ግን በሚታየው ነገር ጠራው። በምዕራብ ጎን የሚወርደው ውሃ ወደ ኦሞ ይገባል፣ ኦሞም ቱርካና ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ቱርካናም መውጫ የለውም።

እንግዲህ በየትኛውም በኩል ቢወርድ፣ የጋሞ ደጋ ዝናብ ውቅያኖስ አይደርስም። ወንዙ ከድንጋዩና ከአፈሩ ያሟሟውን ትንሽ ማዕድን ይዞ ይወርዳል፣ መጨረሻው ላይ ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች፣ ማዕድኑ ይቀራል። ጨው ባሕር በደረቅ ጊዜ ነጭ ሜዳ የሚሆነው ለዚህ ነው። መምህሩ ይህን ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ ጂኦግራፊ እንዳስተማሩ ነግረውኝ፣ «ካርታ ላይ አሳይቻቸዋለሁ፤ በመስታወት ግን አላሳየኋቸውም» አሉ። ለእኔ የዚህ ሣጥን ዋጋ ከዓሣው ይልቅ እዚህ ላይ ነው። ከላይ የሚታረሰው ቁልቁለት አፈሩን ሲለቅ፣ ታች ያለው ሐይቅ ለምን እንደሚደፈርስ፣ ለምንስ ቶሎ እንደማይጠራ፣ ብዙ የሰጡትን ምግብ መልሶ የሚያደፈርስ አኳሪየም ያየ ልጅ ማስረጃ አይፈልግም።

ዓሣው ይግባ ከተባለስ? ሰላማዊውን ይምረጡ። ጥንድ ክላውን ዓሣ ለመጀመሪያ ይበቃል። ከባሕር ከተጠመደ ይልቅ በሰው እጅ የተራባ ይሁን። በአንዳንድ የእስያ ባሕሮች ለአኳሪየም የሚጠመዱ ዓሦች በሳያናይድ ይደነዝዛሉ፤ ዓሣውም ኮራሉም ይጎዳል። ክላውን ዓሣ ያለ ባሕር አበባ መኖር ስለሚችል፣ ብዙ ብርሃን የሚጠይቀውን አበባ መግዛት አያስፈልግም። ቦታና አየር ከተረፈ፣ ከጊዜ በኋላ አንድ ትንሽ ጎቢ ይጨመራል፤ አንዳንዱ ጎቢ ስለሚዘል ሣጥኑ አየር የሚያስገባ የመረብ ክዳን ይኑረው። ፊልሙ ላይ ያለችው ሰማያዊዋ ዓሣ ግን ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ስለምታድግ ለዚህ ሣጥን አትሆንም፤ ልጅ ቢያለቅስም አትሆንም።

ዳምዝል የሚባሉት ዓሦች ርካሽና ጠንካራ ስለሆኑ ነጋዴ መጀመሪያ የሚያቀርበው እነሱን ነው። ጠበኞች ናቸው። አንዱ ጥግ ይይዝና ሌላውን እስኪሞት ያባርራል። የጋሞ ሽማግሌዎች በመስከረም 2011 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የተቆጣ ወጣት መልሰዋል፤ መስታወት ውስጥ ላለ ዓሣ ግን እንዲህ ያለ ሽማግሌ የለውም። የሚሸሽበትም ሐይቅ የለውም።

አያቶችን የሚያስቅ አንድ ነገር ልጨምር። ክላውን ዓሣ ሁሉ ወንድ ሆኖ ነው የሚያድገው። ከመካከላቸው ትልቁና ኃይለኛው ወደ ሴትነት ይለወጥና ቤቱን ይገዛል። እትዬ ይህን ሲሰሙ ከወጥ ቤት ድረስ መጥተው መስታወቱን አዩት።

አመጋገቡ ላይ ጥብቅ ይሁኑ። በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ ተበልቶ የሚያልቅ ቁንጣሪ ብቻ። እንጀራም ዳቦም አይጣልም። ልጆች ፍቅራቸውን የሚገልጹት በማብላት ስለሆነ ምግቡ ቁም ሣጥን ላይ ይቀመጥና አያት በእጃቸው ይስጡ። በሳምንት አንዴ አሥር ሊትር ያህል ውሃ ወጥቶ፣ በእኩል ሙቀትና በእኩል ጨው በተዘጋጀ አዲስ ውሃ ይተካል።

ይህ ሁሉ ሲሰላ አቅም አይፈቅድም ያለ ቤተሰብ ጨውን ትቶ በዚያው ሣጥን የጣፋጭ ውሃ ትንንሽ ዓሦች ያኑር። ጉፒ ልጅ ይወልዳል፣ ባዶ ወሩና ልኬቱም ያው ነው፤ የባሕር ጨው ወጪው ግን ይቀራል። የጫሞን ነጭ ዓሣ ጫጩት ማምጣት አይታሰብ፤ እሱ መቶ ኪሎ ሊያልፍ የሚችል አዳኝ ነው። ቆሮሶም ለመቶ ሊትር ይበዛል። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ስታሳድግ ማየት ለልጅ ድንቅ ቢሆንም፣ የእሷ ቦታ ሐይቁ ነው።

የባሕሩም የጣፋጩም ባለቤት ሊያከብረው የሚገባ አንድ ነገር ግን አለ። ዓሣ ሲሰለች ወይም ሲበዛ «ነጻ ይውጣ» ተብሎ ወንዝ ውስጥ አይለቀቅም። ክላውን ዓሣ በጣፋጭ ውሃ ይሞታል፤ ጉፒ ግን ሊኖርና ሊራባ ይችላል። የፓስፊኩ አንበሳ ዓሣ ከአሜሪካ አኳሪየሞች ወጥቶ በአትላንቲክ ዳርቻ ተባዝቶ የአገሬውን ዓሣ እየጨረሰ ነው። ከገረሴ ጓሮ ጅረት የተለቀቀ ዓሣ መንገዱ ቁልቁል ነው፤ ወይ ጫሞ ይደርሳል፣ ወይ ኦሞ። ትርፍ ዓሣ ለጎረቤት ይሰጣል። የሞተው እንሰቱ ሥር ይቀበራል፤ ልጅየዋም እዚያው ቆማ ትይ።